የተራው በገበያ፣ የሻምበሉ በጓዳ

ይድረስ ለክቡር ሻለቃ፣ በነቀምት ከተማ ለሰፈረው ጦር አዛዥ፣ ለሥርዓት አባት፣ ለቅዳሜ ገበያችን የበላይ ጠባቂ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? በየሳምንቱ ከፈረስ ሳይወርዱ ያን ያህል ሰዓት ፀሐይ ላይ ሆኖ ሰው ሲገረፍ መመልከት ምን ያህል አድካሚ ሥራ እንደሆነ እኔ ከሱቄ ጥላ ሥር ሆኜ እንኳ ይታወቀኛልና፣ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲያበዛልዎ፣ ፈረስዎንም ከቆላ በሽታ እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በጥበቃዎ ሥር ያለን የወለጋ ሰዎች፣ ከጀርባችን በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜ ፈድሉ ሙዘይን ነው። የተወለድሁት ጉራጌ አገር ነው፤ ነቀምት ከገባሁ ግን ልጆቼ ከእኔ ቋንቋ ይልቅ ኦሮምኛን አቀላጥፈው እስኪናገሩ ድረስ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ጨርቃ ጨርቅ መሸጥ ነው። ክቡርነትዎ በስሜ ባያውቁኝ በሱቄ ያውቁኛል፤ ወታደሮችዎ የሚገረፉበት አግዳሚ የተተከለው ልክ ከደጄ ፊት ለፊት ነውና። ከዚያ ሁሉ ሰፊ አደባባይ የእኔን ደጅ ስለመረጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀድሞ ሰው አቡጀዲ ሊገዛ ሲመጣ ጣቃውን አስዘርግቶ፣ ዳብሶ፣ ብርሃን ላይ አውጥቶ አይቶ፣ ግማሽ ቀን ተከራክሮ ነበር የሚገዛው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከራከረኝ የለም፤ ያገኘውን ከፍሎ፣ ጨርቁን ብብቱ ሥር ወትፎ ይሮጣል። ለንግድ ይህን ያህል ያሰበ አዛዥ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ወይም በመልእክተኛ ወደ ቢሮዎ መላክ ይገባኝ እንደነበር አልጠፋኝም። ነገር ግን በፖስታ ብልከው ጉዳዩ በእርስዎና በእኔ መካከል በግል የተያዘ ይሆን ነበር፤ በግል መያዝ ደግሞ፣ እርስዎ ራስዎ እንዳስተማሩን፣ ለሻምበልና ከሻምበል በላይ ላሉ ሰዎች ብቻ የተጠበቀ ክብር ነው። እኔ ተራ ሰው ነኝ። የተራ ሰው ነገር በአደባባይ መሆን አለበት ብዬ ደብዳቤውን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አማርኛ ለማያነቡት ደግሞ የልጆቼ አስተማሪ መምህር ነመራ በኦሮምኛ እየመለሰ ያነብላቸዋል። የመኮንን ስም በገበያ እንዳይነሣ ባወጡት መመሪያ መሠረት የእርስዎንም ሆነ የሻምበሉን ስም የትም ቦታ አልጻፍሁም፤ የተራ ወታደሮቹን ስም ግን ሕዝብ እንዲማርበት በግልጽ ጽፌአለሁ። መመሪያ አክባሪ ሰው መሆኔን ከዚህ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው መስከረም ነጋሪት አስመትተው በለፋፊ ያስነገሩትን ቃል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከእንግዲህ ጥፋት የሠራ ወታደር የሚቀጣው በጦር ሰፈሩ ግቢ ሳይሆን በገበያ መካከል፣ በሕዝብ ፊት ነው፤ ጓደኞቹ እንዲፈሩ፣ ሕዝቡም ሥርዓት ምን እንደሆነ እንዲማር ነው ተባለ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለን። እንዴት አይለን? ከዚያ በፊት ወታደር ዶሮ ነጥቆ ሲሄድ፣ ጠጅ ጠጥቶ ሳይከፍል ሲወጣ፣ አቤት የሚባልበት በር አናውቅም ነበር። አሁን ጥፋቱም፣ ፍርዱም፣ ቅጣቱም በፊታችን ሊሆን ነው ብለን ተደሰትን። ከሦስቱ የመጣልን ሦስተኛው ብቻ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ለጆሮዎ ካልከበደ፣ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ለምን እንደሚገረፉ አይነገረንም። ክሱ የሚሰማው በክቡርነትዎ ቢሮ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በሩም ላይ ዘብ ቆሞ ነው። ቅዳሜ ለፋፊው የሚያሰማን «እገሌ ስለ ጥፋቱ ይህን ያህል ጅራፍ» የምትል አንዲት መስመር ናት። ገበያተኛ ደግሞ ጥያቄ ይወዳል። ጅራፉ ገና ሳይነሣ «ማል ጎዴ? ማል ጎዴ?» የሚል ድምፅ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ ይሰማል፤ ምን አደረገ ማለታቸው ነው። ከሁሉ የሚቀርበው የእኔ ሱቅ ስለሆነም የችሎትዎ ጸሐፊ ይመስል የሚጠይቁት እኔን ነው። እኔ ምን አውቄ!

ስለዚህ ሕዝቡ ትምህርቱን ራሱ እያዘጋጀ ይማራል። በጥር ወር አንድ ወታደር በተገረፈ ዕለት ደጄ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ላጫውትዎ። ቄሱ ጾም ሽሮ ነው አሉ። የወንጌላውያኑ ሰባኪ የለም፣ አረቄ ጠጥቶ ነው ብሎ እዚያው ስብከት ጀመረ። እህል ነጋዴዋ ወለቴ በተሸረፈ ቁና ሰፍሮ ነው ብላ የጎረቤቷን ቁና በዓይኗ ጠቆመች። አንዲት እናት ደግሞ ልጇን፣ አየህ፣ ራቱን አልበላም ብሎ ነው ስትለው፣ ልጁ እያለቀሰ የያዘውን ዳቦ ጨረሰ። በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይህን ሁሉ ትምህርት ማስተማር የቻለ አዛዥ ከእርስዎ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ብቻ ያ ወታደር በእውነት ያደረገውን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እርሱም ኋላ ሲጠየቅ ፊቱን ሸፍኖ ሄደ።

ሁለተኛ። ከሚያዝያ ወዲህ ፊታችንን ስለምናዞር መቆጣትዎን ሰምቻለሁ። በዚህ አገር ደንብ ዐዋቂ ሰው በግድ ሲራቆት ቆሞ የሚያይ ሰው እርሱም አብሮ ይዋረዳል፤ ስለዚህ ፊት ይዞራል። ሴቶቹ ወደ ጨው ከረጢታቸው ያጎነብሳሉ። ወንዶቹ ወደ ከብቱ ዞረው የበሬ ጥርስ ይቆጥራሉ፤ ሽያጩ ያለቀለት በሬ ሳይቀር እንደገና አፉ ይከፈታል። ክቡርነትዎ ይህን አይተው ሕዝቡ ናቀን አሉና፣ ዘቦች በመካከላችን እየዞሩ ትከሻችንን ይዘው ወደ አግዳሚው እንዲመልሱን አዘዙ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልመስክር፤ የሚገርፈው አንድ ሰው ነበር፣ ሕዝብ የሚያዞረው ግን ግማሹ ጦር ነው። አንዱን አዙረው ወደ ሁለተኛው ሲያልፉ የመጀመሪያው ይመለሳል፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ ግራ ገባቸው። በዚያች ሰዓት ጠላት ከአንገር ወንዝ ማዶ ቢመጣ ኖሮ ማን እንደሚመክተው አላውቅም።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍ አስቤ የነበረው ግርፋቱ ሲጀመር ስለሚመታው ከበሮ ጩኸት ነበር። ከበሮ መቺው ግን ደግ ሰው ነው፣ እርሱም ታዞ ነው፤ ትቼዋለሁ። በእርሱ ፈንታ ስለ እናቶች ልናገር። ዝናዎ እስከ ጊምቢና እስከ አርጆ ደርሷልና፣ ልጆቻቸውን ለውትድርና የሰጡ እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቀበሌው እየተነሡ ይመጣሉ። የሚሸጡት የላቸውም፤ የሚገዙትም የላቸውም። ገበያው ዳር ቆመው የለፋፊውን አፍ ይጠብቃሉ። የተጠራው ስም የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲሆን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈጣሪን ያመሰግናሉ፤ ወዲያው ደግሞ በሌላዋ እናት ላይ ማመስገናቸው ያሳፍራቸውና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ አይደለም። ከክቡርነትዎ ፈረስ ከፍታ ላይ ግን ነጠላ እንጂ ፊት ስለማይታይ፣ አላዩም ብዬ አልወቅስዎትም።

አራተኛውና ዋናው። ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስካሁን ያልሁት ሁሉ እጅ መንሻ ነበር።

ወታደር ዋቅወያ የአዴ ድርቤ ልጅ ነው። አዴ ድርቤ ቅቤ ተራ የምትቀመጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ቅቤዋ እንከን የማይወጣለት ሴት ናት፤ የምትቀመጥበት ቦታ ከአግዳሚው በጣም ቅርብ ስለሆነ ጅራፍ ሲያርፍ በኮባ የጠቀለለችው ቅቤ ከእጇ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሲገረፍ ማለቴ ነው። የመጪው ቅዳሜ ተረኛ ግን የራሷ ልጅ ነው፤ አርባ ጅራፍ ተፈርዶበታል። ፍርዱ እንደ ልማዱ በዝግ ተሰጥቷል። ሆኖም የዚህን ጥፋት ምንነት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ ዋቅወያ ጥፋቱን የሠራው በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ጦሩ ሁሉ ቆሞ፣ በሙሉ ድምፁ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክቡርነትዎ በታች ያለው ሻምበል በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ጉብታው ላይ፣ ቤት እያሠራ ነው። ድንጋይ የሚሸከመው ወታደር ነው፣ ጭቃ የሚረግጠው ወታደር ነው፣ ቆርቆሮ የሚመታው ወታደር ነው። በየካቲት ወር ወታደር ፉፋ ከዚያ ጣራ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ለቤተሰቦቹ የተነገራቸው ግን በልምምድ ላይ ተሰበረ ተብሎ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ የሚያስወድቅ ልምምድ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የውትድርና ዕውቀት ስለሌለኝ፣ እኔ አልጠይቅም። ዋቅወያ ግን ጠየቀ። የፉፋን ቦታ ተክቶ ጣራው ላይ እንዲወጣ ሲታዘዝ ከሰልፉ ወደ ፊት ራመድ ብሎ፣ በደንቡ መሠረት ሰላምታ ሰጥቶ፣ መሬት ላይ ስቆም የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ነኝ፤ ጣራው ላይ ስወጣ ግን የማን ነኝ? አለ። ወታደሮቹ ሳቁ። ሻምበሉ አልሳቀም።

እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ። ጥፋቱ መጠየቁ አይደለም ተባለ፤ በሰው ፊት መጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ ለአለቃ የሚቀርበው በግል፣ በቢሮ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው ተባለ። ደህና። ታዲያ ነገርን በግል መያዝ እንደሚገባ ለማስተማር በገበያ መካከል አውጥተው ሊገርፉት ነው! ሻምበሉ በበኩሉ በሰው ሁሉ ፊት ስለ ሠራው ቤት በግል ይመከራል። ቤቱ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ቆርቆሮው በአኖ በኩል ወደ ከተማችን የሚገባውን የጭነት መኪና ሾፌር ዓይን ያስጨፍነዋል። ከዚህ የበለጠ አደባባይ የወጣ ነገር በወለጋ ምድር አላየሁም።

ሻምበሉ ሳይቀጣ ቀረ ብዬ የሰው ስም ማጥፋት አልፈልግም። ተገሥጿል። የተገሠጸው በክቡርነትዎ መኖሪያ ቤት፣ በዕለተ እሑድ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ተግሣጹ ቀላል እንዳልነበረ ያወቅነው አንድ ሙክት ስለታረደለት፣ ጠጅም በእንስራ ስለገባለት ነው። አልፎ አልፎ ከውስጥ የሚሰማው ሳቅም የጸጸት ሳቅ ሳይሆን አይቀርም። ምሽት ላይ ሻምበሉ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት ነበር፤ ተግሣጽ ሰውን እንዲህ ጉልበት ያሳጣል እንዴ ብሎ መንገደኛው ሁሉ አዘነለት።

አምስተኛ። ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ነገር ደግሞ፣ ከእኔ በቀር የሚነግርዎ የሚገኝ ስላልመሰለኝ፣ ልንገርዎ። የአገር ሽማግሌው ኦቦ ጃራ፣ ከእርሳቸውም ጋር ሌሎች ሽማግሌዎችና እናቶች፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ከፈረስዎ ፊት ቀርበው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆሙ። ኦቦ ጃራ ምንም አልተናገሩም፤ መናገርም አያስፈልጋቸውም። በዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ፊትዎ የቆመ ሰው ማሩን፣ ይቅር በሉን፣ ነገሩን ተቀምጠን እንየው ማለቱ ነው። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ያን ሣር ሲያይ ከቂሙ ይመለሳል። አዴ ድርቤ ከሁሉም ኋላ ነበረች። የያዘችው ሣር የሁሉንም ይረዝም ነበር፤ ወንዝ ዳር ራሷ ወርዳ ያጨደችው ነው።

ክቡርነትዎ ሣሩን ሲያዩ ፊትዎ በራ። ሕዝቡ የሥርዓት ጥቅም ገብቶት፣ እንደ በዓል ሣር ይዞ ሊያመሰግነኝ መጣ ብለው ባርኔጣዎን አወለቁና ረዘም ያለ ንግግር አደረጉልን። ይህ ምስጋናችሁ ድካሜን አስረሳኝ ማለትዎ ትዝ ይለኛል። ከዚያም የመጪው ቅዳሜ ቅጣት የሚፈጸምበት ቦታ እንዲያምር ሣሩ ተሰብስቦ በአግዳሚው ዙሪያ እንዲጎዘጎዝ አዘዙ። የተረፈውን ፈረስዎ በላው። የአዴ ድርቤን ማለቴ ነው።

አስተርጓሚዎ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ከጎንዎ ቆሞ አንድ ጊዜ አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ። ነገር ግን አለቃን በሰው ፊት ማረም ምን እንደሚያስከትል ከዋቅወያ ተምሯልና አፉን መልሶ ዘጋ፤ ንግግርዎንም ቃል በቃል ተረጎመልን። እንግዲህ ትምህርትዎ እንዳልሠራ ማን ይናገራል? ሠርቷል። የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ሳያርምዎ እንዲቀር አድርገዋል።

ኦቦ ጃራ ከዚያ በኋላ ሱቄ ጥላ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ሣር ይዤ ቆሜ ሰሚ ሳላገኝ የተመለስሁት ዛሬ ብቻ ነው አሉኝ።

ክቡር ሻለቃ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና በቀጥታ ልናገር። ተናድጃለሁ። ዋቅወያ ውትድርና በገባ ሰሞን ካኪውን ለብሶ እናቱን ይዞ ደጄ መጥቶ ነበር፤ እናቱ ትከሻውን እየደባበሰች ጨርቁ ከየት እንደመጣ፣ ሲታጠብ ይለቅ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ የምትጠይቀኝ ስለ ጨርቁ አልነበረም፤ ልጇን አይቼ እንዳደንቅላት ነበር። አየሁት፣ አማረበት አልኋት። ያንኑ ካኪ ከወገቡ በላይ አውልቀው፣ በእሷ ዓይን ፊት፣ እውነት ስለተናገረ ሊገርፉት ነው። የጅራፍ ቁስል ይድናል። ሴትዮዋ ግን የምትኖረው ቅቤ ሸጣ ነው፤ የምትሸጠውም እዚያው ነው፤ ዕድሜ ልኳን ያን አግዳሚ እያየች ልትቀመጥ ነው። ይህን ያሰበ ሰው በጦር ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም?

ክቡርነትዎ የሚሉትን አውቃለሁ። መኮንን በበታቾቹ ፊት ከተዋረደ ነገ ማን ይታዘዝለታል? ስለዚህ የመኮንን ጥፋት በዝግ ይታያል። ይህን ከንቱ ነገር ነው አልልም። ባለቤቴ እንኳ ዋጋ ስሳሳት በደንበኛ ፊት አታርመኝም፤ ሱቁን ከዘጋን በኋላ ነው የምትጨርሰኝ። ስለዚህም አከብራታለሁ፣ ስሕተቴንም አልደግመውም። ግን ዋቅወያም ቃሉ የሚሰማበት ቤት አለው። ለታናናሾቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ነገ ሽማግሌ ልኮ ሚስት ይለምናል፣ ከነገ ወዲያ አባት ይሆናል። የሻምበሉ ክብር በዝግ በር የሚጠበቅ ከሆነ፣ የዚህ ልጅ ክብር በምን በር ይጠበቅለት? ወይስ ክብር ከማዕረግ ጋር አብሮ የሚታደል ዕቃ ነው?

እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝና በዚህ ከባድ ጉዳይ ሐሳብ ማቅረቤን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። መጀመሪያ የታየኝ፣ አሁን ያለውን ነገር ገልብጦ መዘርጋት ነው። ፍርዱን ወደ አደባባይ ያውጡት፤ ቅጣቱን ወደ ግቢዎ ይመልሱት። ሻምበሉ ቆሞ ይናገር፣ ዋቅወያም ቆሞ ይናገር፣ ፉፋም በምርኩዙ ይምጣ፣ ኦቦ ጃራም ተቀምጠው ይስሙ። ከዚያ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ወደ ውስጥ ወስደው የሚገባውን ይስጡት። እኛ ማየት አንፈልግም፤ የምንፈልገው መስማት ነው።

ይህ ለአንድ ጦር ከባድ ነው ከተባለ ደግሞ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ዋቅወያ ሻምበሉ በተቀጣበት ቅጣት ይቀጣ። ሙክቱን እኛ እናዋጣለን፤ ጠጁንም በእንስራ እናስመጣለን፤ ሲመሽ የሚደግፉትን ሁለት ሰዎችም አንቸገርም፤ ደጋፊ ሞልቶታል። ክቡርነትዎ የሚያበረክቱት በርዎን መዝጋት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ደብዳቤ እኔን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ከተሰማዎ በፍጹም አልቀየምም። ያው ተራ ሰው ስለሆንሁ ጥፋቴ የሚታየው በዝግ፣ እኔ የምታየው በአደባባይ እንደሚሆን አውቃለሁ። አግዳሚውም ከደጄ ስለሆነ መንገድ አያደክመኝም፤ ዘቦችዎም ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ቢመጡልኝ ደንበኛ አይጉላላም። በዚህ ሁሉ መካከል ውድ ጊዜዎን ሰጥተው ይህን ያህል ስላነበቡልኝ፣ ወይም ሌላ ሰው ሲያነብልዎ በትዕግሥት ስለሰሙልኝ፣ ምስጋናዬ ከጣቃ ጣቃ የሚረዝም ነው።

የክቡርነትዎ ማዕረግ ከፍ እንዲል፣ ከፍ ብሎም ከዚህ ወደ ራቀና ወደ ተሻለ ከተማ እንዲዛወሩ ሌት ተቀን የምጸልይ፣ የአግዳሚው ጎረቤት፣ የሥርዓት ትምህርት የዘወትር ተማሪ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ፈድሉ ሙዘይን
ጨርቅ ሻጭ
ነቀምት፣ ግንቦት ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ይህን ፈርሜ ከጨረስሁ በኋላ የገበያው ሰዎች ተሰብስበው መክረዋልና ውሳኔያቸውን እንዳደርስልዎ ተልኬአለሁ። የመጪው ቅዳሜ ገበያ የሚውለው በተለመደው ቦታ አይደለም፤ በከኒሳ ቀሴ ጉብታ ሥር ባለው ሜዳ፣ ከሻምበሉ አዲስ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከብቱም፣ እህሉም፣ ጨውም፣ እኔም ከነጨርቄ ወደዚያ እንወጣለን። አደባባዩ ላይ ክቡርነትዎና ሰዎችዎ ከዋቅወያ ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁና ቅጣቱ ሳያስቡት የግል ይሆንልዎታል። እምቢ ያለችን አንዲት ሴት ብቻ ናት። አዴ ድርቤ ልጄን ትቼ የትም አልሄድም፣ ከቦታዬም አልነሣም ብላለች። ለሕዝብ ያዘጋጁት ትምህርት በሙሉ እንግዲህ የሚደርሰው ለእርሷ ነው፤ ልጄ ምን አደረገ ብላ የምትጠይቅዎም እርሷ ናት። አማርኛ አታውቅምና መልሱን በኦሮምኛ አጥንተው ይምጡ።